አበባ የያዘው ሰውዬ

ባለቤቴ ሥራ ሲገባ በፊት ለፊቱ በር አይገባም። ዞሮ የቆሻሻ መኪና በሚወጣበት በኋላ በር ነው የሚገባው። በአዲሱ የሕፃናት ሆስፒታል ፊት ላይ አንድ ትልቅ የተሣለ ሰውዬ አለ፤ ቁመቱ ብዙ ፎቅ ይይዛል፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ፌርማታም ይታያል። ያ ሰውዬ እሱ ነው። ሰው የራሱን መልክ ሕንፃ ላይ ሰቅለውለት እንዴት ይሸሻል ትሉ ይሆናል። እኔ በጽሑፍ ጎበዝ አይደለሁም፣ ፊደል የቆጠርኩትም ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። ግን የሥዕሉን ነገር ሰው እየጨመረና እየቀነሰ ሲያወራው ከምሰማ ያየሁትን ልጻፍ ብዬ ነው። እሱም "ጻፊው" ብሎኛል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው ያለኝ፣ ብቻ ብሎኛል።

ባለቤቴ የሆስፒታል ወለል ይወለውላል። ሥራው እሱ ነው። ሥራ ክቡር ነው ይባላል፤ የሚለው ሰው ግን ልጁን ለወልዋይ አይድርም። እኔም ብሆን ጎረቤት ሲጠይቀኝ "ሆስፒታል ነው የሚሠራው" ብዬ ዝም እላለሁ። "ምን ክፍል?" ሲሉኝ "ውስጥ ነው" እላለሁ። ውሸት አይደለም። ውስጥ ነው።

ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነው። "ዶክተር መወልወያ" ይሉታል። "ዶክተር፣ ዛሬ ስንት ኮሪደር አከምክ?" ስትለው አንዷ ወፍራም የልብስ አጣቢ፣ "ሁለቱ ድነዋል፣ ሦስተኛው ሻይ ተደፍቶበት ተመልሶ ተኝቷል" ይላታል። እዚያ አያፍርም። የሚያፍረው ከግቢው ሲወጣ ነው። ቱታውን አጣጥፎ በላስቲክ ያስገባና ኮት ይለብሳል፤ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ይሰካል። እስክሪብቶው ቀለም ካለቀበት ቆይቷል። እኔ አውቃለሁ፣ ግን አንድም ቀን ተናግሬው አላውቅም።

ይህ ሁሉ በጋሼ ምክንያት ነው። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሙን ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። አባታቸው ሲሞት እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው፣ ደብተርና ጫማ ገዝቶ ትምህርት ቤት የላከው እሱ ነው። ባለቤቴ ትምህርቱን መሐል ላይ ጣለው። ለምን እንደጣለው እኔም አጥርቼ አላውቅም፣ አልገባኝ ስላለኝ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ የጋሼን ዓይን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ሆስፒታል የተቀጠረ ቀን ስልክ ደወለለትና "ጋሼ፣ ሆስፒታል ገባሁ" አለው። ጋሼ ደስታው አስቸኩሎት "ቢሮ ነው አይደል?" አለ። የኔ ባል "አዎ፣ እንደዚያ ነገር ነው" አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አልተመለሰም።

ጋሼ ወሬውን ለዘመድ ሁሉ አዳረሰው። "ወንድሜ የሆስፒታሉ አስተዳደር ውስጥ ነው።" ከዚያ ጣጣው መጣ። የዘመድ ልጅ በታመመ ቁጥር ጋሼ ይደውላል፤ "እስቲ አንድ አልጋ አስይዝልኝ" ይላል። ባለቤቴ እንደ ማንኛውም ሰው ገና ሳይነጋ ሄዶ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ ያስመዘግባል፣ ከዚያ ቱታውን ለብሶ ወደ ባልዲው ይሄዳል። ዘመዶቹም "ሰው ያለው ሰው!" እያሉ ይመርቁታል።

እንዲህ እያለን ልጃችን ወደቀች። ንቢት ነው የምንላት፣ አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ። ደረጃ ላይ ስትሮጥ ወድቃ የጭኗ አጥንት ተሰበረ። እግሯን በክብደት ስበው ሰቀሉትና በጀርባዋ ተኛች። ንብ አልጋ ላይ ታስራ አስቡት። ከተኛችበት የሚታያት በሩና በበሩ በኩል የሚያልፈው ብቻ ነበር። ኮሪደሩ ደግሞ የአባቷ ነው፣ እሱ ነው የሚወለውለው።

ደንቡ ወልዋይ ሥራ ላይ ሆኖ በሽተኛ ክፍል ገብቶ እንዲያወራ አይፈቅድም፣ ልጁም ብትሆን። ሌላም ደንብ አላቸው። የታጠበ መወልወያ ክሩን ወደ ላይ አድርገው ነው የሚሸከሙት። ያን ጊዜ ሲስተሮቹ ንጹሕ መሆኑን ያውቃሉ፣ ወለሉም ገና እንዳልረጠበ ይገባቸዋል። የቆሸሸው ራሱን ደፍቶ ከባልዲ ጋር ይሄዳል። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት የታጠበውን ተሸክሞ በበሯ ሲያልፍ አንድ ጊዜ ይቆምና ከፍ አድርጎ ይነቀንቀዋል። ክሩ እየተበተነ ይዘናፈላል። እሷ ሁለት እጇን ታነሳለች። በቃ፣ ሰላምታቸው እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ኮቱን ለብሶ ሊጠይቃት ሲመጣ "አባዬ፣ ዛሬ ፀጉሩ አልተበጠረም ነበር" ትለዋለች፣ የመወልወያውን ማለቷ ነው። እሱ በር በሩን እያየ "ሽሽ" ይላታል።

ያኔ አዲሱ ሕንፃ ከጎናችን ባዶ ቦታ ላይ እያደገ ነበር። ሲሚንቶውና ብረቱ ቆሟል፣ ፊት ግን አልነበረውም። አንድ ቀን አርክቴክቷ መጣች። ፀጉሯ ላይ የሄልሜት ምልክት ያለባት ወጣት ሴት ናት። ለእናቶቹ አስረዳችን። ሕንፃው መስታወት ይለብሳል፤ ከመስታወቱ ፊት ባለቀለም የአሉሚኒየም ፓነል ይቆማል፣ ፀሐይ አልጋ ላይ ያሉትን ልጆች እንዳትጠብሳቸው። ፓነሎቹ ባዶ ቀለም ብቻ እንዳይሆኑ ደግሞ የልጆቹ ሥዕል ጎልቶ ይሠራባቸዋል። "ልጅ ገና ከመንገድ ሲያየው ሕንፃው እንዳያስፈራው ነው" አለች። ለልጆቹ ወረቀትና ቀለም ሰጠችና "ከአልጋችሁ ሆናችሁ የምትወዱትን ሣሉ" አለቻቸው። አንዱ ኳስ ሣለ፣ አንዷ ድመት ሣለች፣ አንዱ መርፌ ሣለና በላዩ ላይ ኤክስ አደረገበት።

ንቢት አባቷን ሣለች። በሩን እንደ ሳጥን አድርጋ መሐሉ ላይ አቆመችው። ጥርሱ ብዙ ነው። እግር የለውም። በአንድ እጁ ረጅም እንጨት ይዟል፣ የእንጨቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ ወደየአቅጣጫው ተበትነዋል። እኔ እንዳየሁት አወቅኩት። ማንም የሆስፒታሉ ሰው ቢያየው ያውቀዋል። ወረቀቱን ግን ወደ ቢሮ ነው የወሰዱት፣ ቢሮ ያሉት ደግሞ ጠዋት በኮሪደራችን አያልፉም።

አርክቴክቷ ሥዕሉን ይዛ የተመለሰችው ጋሼ ሊጠይቅ በመጣበት ቀን ነው። ብርቱካን ይዞ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ንቢትን ራጅ ወስደዋታል። ባለቤቴ ኮቱን ለብሶ ቆሟል።

"አባቷ እርስዎ ነዎት?" አለችው።

"አዎ።"

"እንኳን ደስ አላችሁ፣ ተመርጧል! በሕንፃው መግቢያ በኩል ትልቁ የሚሆነው ይሄ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የያዘው ምንድነው? ቢሮ ስንከራከር ነው የሰነበትነው። አንዱ ዛፍ ነው ይላል፣ አንዱ ርችት ነው ይላል። እኔ አበባ ነው ባይ ነኝ።"

ባለቤቴ ወረቀቱን አየው። ጆሮው ቀላ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ሲል አየሁት።

ጋሼ መነጽሩን አወጣና "እስቲ ወዲህ በይው" አለ። አገላብጦ አየው። "አበባ ነው እንጂ! ይሄ ምን ክርክር አለው። የቢሮ ሰው አበባ ቢይዝ ምን ይገርማል? አይደለም እንዴ?"

"አዎ" አለ ባለቤቴ። "አበባ ነው።"

አርክቴክቷ ወደ እኔ ዞረች። "እናቷስ?"

እኔ አንሶላውን አስተካከልኩ። አንሶላው የተስተካከለ ነበር።

"ልጅቷን ራሷን ብጠይቃት ይሻላል" አለች።

"ራጅ ትቆያለች" አለ እሱ ቶሎ ብሎ። "አበባ ነው። እኔ አውቃለሁ።"

እዚያው እንዲፈርም ወረቀት ሰጠችው። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶውን አወጣና ወረቀቱ ላይ አሸው። አልጽፍ አለ። ደግሞ አሸው። "ቢሮ ብዙ እየጻፈበት ነው" አለ ጋሼ እየሳቀ። ሴትዮዋ የራሷን ሰጠችው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ወለሉን ሳይ፣ ወለሉ ያበራል። ጠዋት እሱ የወለወለው ነው።

ቤት ገብተን "ንገራት" አልኩት።

"ለማን?"

"ለሴትዮዋ። አበባ አይደለም በላት።"

"ምን ላድርግ ነው የምትዪኝ? ከተማው ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ መወልወያ ይዤ ልሰቀል? ጋሼ በዚያ መንገድ አያልፍም?"

"ልጅህስ?"

"ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች" አለ። ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሰላምታው አጠረ። መወልወያውን ከትከሻው ብዙም ሳያነሳ ትንሽ ነቅነቅ ያደርገውና ያልፋል፣ ሰው እንዳያየው እንደሚሰርቅ ዓይነት። ንቢት ሁለት እጇን አንስታ ትቆይና ታወርዳለች። "አባዬ እጁን አሞታል እንዴ?" አለችኝ። "ደክሞት ነው" አልኳት። እኔም ውሸቱን ለመድኩት።

ክብደቱ ከእግሯ ወርዶ ጀሶ ሲደረግላት ለናሙናው ተጠራን። ፓነሉን ሁሉ ፋብሪካ ከማስቆረጣቸው በፊት የሥዕሉን አንድ ክፍል በልኩ ሠርተው በብረት ማቆሚያ ላይ ግቢው ውስጥ ያቆሙታል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀለሙን ያያሉ። ያ ከጸደቀ ሌላው ይቆረጣል፣ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። በር ላይ ለዘበኛው፣ ለሾፌሩ፣ ላገኘው ሁሉ "የወንድሜ ልጅ ሥዕል ነው" ይላል። "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኛ ከፎቅ በላይ ዋለ!" ንቢትን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ መጣሁ። ጽዳቶቹም ቱታቸውን እንደለበሱ ወጥተው ከዳር ቆመዋል። ባለቤቴ ወደ እነሱ አያይም። አንገቱ የተገተረ ይመስል አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያየው። ወፍራሟ ልብስ አጣቢ ግን አልቻለችም።

"ዶክተር!" ብላ ጮኸች። "ኮት ያምርብሃል፣ ዶክተር!"

የሱ ፊት አመድ መሰለ። ጋሼ ግን ክርኑን ጎሸም አድርጎ "ሰማህ? ዶክተር እያሉ ነው የሚያከብሩህ!" አለው፣ በኩራት። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት የሳቅና የለቅሶ መሐል ላይ ቆሜ አላውቅም።

የተሸፈነበትን ሸራ ገለጡት። እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። ጥርሳሙ ፊት፣ ትልቁ እጅ፣ ከእጁ በላይ ቢጫ አበባ። ቅጠሎቹ ክብ ክብ ናቸው፣ መሐሉ ቀይ። ሰው አጨበጨበ።

ንቢት አላጨበጨበችም። "ይሄ የማን ነው?" አለች።

አርክቴክቷ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። "ያንቺ ነዋ! ይሄ አባትሽ ነው፣ ይሄ ደግሞ አበባው።"

"አበባ አልሣልኩም።"

"አልሣልሽም? ታዲያ ምንድነው የያዘው?"

ንቢት አፏን ከፈተች። ከዚያ አባቷን ቀና ብላ አየችው። ምን እንዳየች አላውቅም፣ እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፤ የማየው የሱን ፊት ብቻ ነው። ፊቱ ይለምናት ነበር። ትልቅ ሰው ልጅን እንዲያ ሲለምን አይታይ።

አፏን ዘጋችው። "ረሳሁት" አለች። አንገቷንም ደፋች።

አደፋፏን አወቅኩት። ልክ እሱ ከግቢ ሲወጣ እንደሚደፋው ነው፣ አገጯ ደረቷን እስኪነካ። ቤታችን ውስጥ ከኛ ሌላ አንድ የተደፋ አንገት ተጨመረ ብዬ አሰብኩ። እሱም ያየው ይመስለኛል።

ጋሼ "ልጅ ናት፣ ረስታው ነው" ሲል ባለቤቴ ዞረና ሄደ። "ወዴት ነው?" አለ ጋሼ። በአሮጌው ሕንፃ በር ገባ። ሸሽቶ ነው ብዬ ነበር፤ እኔም ሌላ አልጠበቅኩም። አርክቴክቷ ሰዓቷን አየች።

ሲወጣ መወልወያውን ተሸክሟል። ያንኑ ኮት እንደለበሰ፣ እስክሪብቶው ደረቱ ላይ፣ ክሩ ወደ ላይ። ግቢው ረጅም ነው፣ እሱም ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፣ ዓይኑ ጫማው ላይ። ያቺ ቀልደኛዋ ልብስ አጣቢ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መጥቶ ናሙናው አጠገብ ቆመ፣ ከፍ አደረገና ነቀነቀው። ደረቅ ነበርና አቧራው ኮቱ ላይ ወረደ።

"ይሄ ነው" አለ። ድምፁ አይሰማም። ጉሮሮውን ጠረገ። "የያዝኩት ይሄ ነው። ወልዋይ ነኝ።"

ለአርክቴክቷ አልነበረም የሚናገረው። ለጋሼ ነበር፤ ግን ጋሼን አላየውም።

ንቢት ሁለት እጇን አነሳች። ጀሶው እየከበዳት ተንጠራርታ፣ አልጋዋ ላይ ታደርግ እንደነበረው።

እዚያ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። አርክቴክቷ "እንደዚያው፣ እንደዚያው ይያዙልኝ!" አለችና ስልኳን አወጣች። ከፊት አነሳችው፣ ከጎን አነሳችው። ረዳቷ ሜትር ይዞ መጣና ክሩን መለካት ጀመረ። "ትንሽ ከፍ ያድርጉት። አሁን ይነቅንቁት። አንዴ ደግሞ።" ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ እሱ መወልወያ ሲነቀንቅ ቆየ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ማታ "እጄ ዛለ" ነው ያለኝ።

ጋሼ መነጽሩን አውልቆ በመሐረብ ይጠርግ ነበር። ጠርጎ ጨርሶም ይጠርገዋል።

"ያን ሁሉ ሰው ልኬብህ" አለ በመጨረሻ፣ "አልጋ አስይዝልኝ እያልኩ። እንዴት ነበር የምታስይዘው?"

"ተሰልፌ።"

"ተሰልፈህ?"

"ተሰልፌ፣ ጋሼ።"

ጋሼ ንቢትን ግንባሯን ሳማትና ሄደ። በሩ ላይ ለዘበኛው ምንም አላለውም። ከዚያ ወዲህ መደወሉን ተወ። ባለቤቴ ስልኩን ያያል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያያል። ማፈር እውነቱን ሲናገሩ የሚወጣ ነገር መስሎኝ ነበር። አይወጣም። እንደውም በፊት ወልዋይ በመሆኑ ነበር የሚያፍረው፣ አሁን በማፈሩም ማፈር ተጨመረበት።

ሕንፃው ፊቱን ለበሰ። የአበባው ቢጫ ቀርቶ ክሮቹ ነጭና ግራጫ ሆኑ፤ እያንዳንዳቸው የአንድ ፎቅ ያህል ይረዝማሉ። ንቢት ቤት ገብታለች፣ ትንሽ ታነክሳለች። በአውቶቡስ ስናልፍ ሁለት እጇን ታነሳለታለች። አጠገቧ የተቀመጠው ትክክለኛው አባቷ ያን ጊዜ የጫማውን ክር ያስራል። የኋላውን በርም የጀመረው ያኔ ነው።

ባለፈው ጋሼ ደወለ። ሰላምታውን ጨርሶ፣ "የጎረቤቴ ልጅ ታሟል" አለ። "ሰልፉ ከስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?" አልጋ አስይዝልኝ አላለም።

በማግስቱ ሲነጋጋ ጋሼ ራሱ መጥቶ አዲሱ ሕንፃ በር ላይ ተሰለፈ። እኔ ዳቦ ይዤላቸው ስደርስ ባለቤቴ ቱታውን ለብሶ፣ በኋላ በር ገብቶ፣ በውስጥ ዞሮ መጥቶ አጠገቡ ቆሟል። ሥራ ሳይጀምር ነው። ትልቁ ሰውዬ በላያቸው ላይ ነው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው የፊተኛውን ሰው ተረከዝ ያያሉ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ ተንቀሳቀሰ። ጋሼ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ኮፍያው እስኪወድቅ ድረስ ወደ ኋላ ተለጥጦ ረጅም ጊዜ አየ።

"እግር የለውም እኮ" አለ።

ባለቤቴ ኮፍያውን ከመሬት አነሳለትና በእጁ አራገፈው።

"አልጋው ከልሎባት ነው፣ ጋሼ" አለው። "ከተኛችበት አይታያትም ነበር።"